የይርገዱ ነጠላ

ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ልጅ ብርቱካን አዲሱን ቤቷን ልታሳየኝ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ብርቱካን ዐረብ አገር ብዙ ዓመት የሰው ቤት ስታጸዳ ኖራ የተመለሰች ናት፤ በላቧ ባጠራቀመችው ገንዘብ እዚሁ ደብረ ታቦር ሆስፒታሉ አጠገብ ለበሽተኛና ለአስታማሚ በርካሽ የሚከራዩ ክፍሎች ሠርታለች። ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ አሮጊት አንሸራትቶ ለመጣል ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ይህንኑ ብነግራት ሳቀችብኝ። በየክፍሉ ሁለት ሁለት አልጋ፣ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ፣ የራሱ ሽንት ቤት፤ ውስጤ እየቀና አፌ እያመሰገነ ከክፍል ክፍል ስዞር፣ ከመጨረሻው ክፍል በር ላይ እርጥብ ባና ሸተተኝ። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራው ያ ወፍራም ልብስ ነው፤ የጉና ሰው ያለ እሱ ከደጅ አይወጣም። ዝናብ የመታው ባና የሚያመጣውን ሽታ አንዴ ያሸተተ አይረሳውም። «ማን ገብቶበታል?» አልኋት። «ማንም የለ እትዬ፤ ይኸኛው ገና ሰው አልተኛበትም» ብላ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ መስኮቱ ዝግ ነው፤ ጠብታ ውሃ የለም። ወገቤን ያዘኝ ብያት ተመለስሁ። ወገቤን አልያዘኝም ነበር።

እኔም የበሽተኛ ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ከአክስቴ ከወይዘሮ ጥሩነሽ ጋር እኖር ነበር፤ እትዬ ጥሩ ይሏታል። ባሏ ትቶላት የሞተውን ሰፊ ቤት በጭቃ ግድግዳና በጆንያ ከፋፍላ፣ ጋዜጣ ለጥፋበት፣ ከጉና፣ ከእብናት፣ አንዳንዴም ከይፋግ በኩል በቃሬዛና በበቅሎ ለሚመጣው በሽተኛ ታከራያለች። ተራው እስኪደርስ ወይም ቁስሉ እስኪጠግግ እኛ ዘንድ ያርፋል። ላዳር ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ አስታማሚው መሬት ላይ ከተኛ በነጻ ነው። በዚያች ሃምሳ ሳንቲም ውሃ፣ የማብሰያ ቦታ፣ ጭድ የተሞላ ፍራሽና የአክስቴ ቁጣ አብሮ ይሰጥ ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም የሚጠጣበት፣ ኮንጎ ጫማ ያደረገ ሰው እንደ ዘመናዊ የሚታይበት፣ ልጃገረድ ሁሉ አረንጓዴ ሹራብ ካልገዛሁ የምትልበት ጊዜ ነው። በቀበሌው ግድግዳ ላይ የማን ፎቶ ተሰቅሎ እንደነበር ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ የሹራቡን ቁልፎች ግን ቁጠሪ ብባል እቆጥራለሁ። ከፊታችን ወፍጮ ቤት ነበር፤ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ደግሞ አንድ ልብስ ሰፊ መኪናውን ዘርግቶ፣ ቴፑን ከፍቶ ይውላል። ያለችው አንዲት ካሴት ናት። ክሯ ስለላላ፣ ዘፈኑ መካከል ላይ ሲደርስ የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ፣ እየዘገየ ይሄድና የሌላ ሰው ድምፅ ይሆናል። እኛ ለምደነው አብረን እያወፈርን እንዘፍነው ነበር፤ አዲስ የመጣ በሽተኛ ግን ክፉኛ ይደነግጣል።

አክስቴ ሕግ ነበራት። በቤቷ «ሞተ» የሚል ቃል አይነገርም፤ የዳነውም የሞተውም «አገሩ ገባ» ነው የሚባለው። እንዴት ሆኖ እንደገባ የሚጠይቅ የለም፤ አስታማሚው ምንጣፉን ሲጠቀልል ፊቱን አይቶ ሁሉም የራሱን ይረዳል። ወደ ሆስፒታል የተወሰደ ሰው አልጋም፣ ወሬው እስኪለይ ድረስ አንሶላው አይነሳም፤ ቅዝቃዜ እንዳይገባው ትልና የሰውየውን ልብስ ትዘረጋበታለች። እኔ ጧት ጧት ስጠርግ ሰው የሌለባቸውን የተነጠፉ አልጋዎች እንዳልነካ በጎን በጎን ነበር የማልፈው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጉሙ ከጉና ይወርድና በበሩ ይገባል፤ ቤቱ ሁሉ የሚያስል ጥላ ይሆናል። ፈሪ አልነበርሁም፤ ከሰዓት በኋላ ግን ከኋላዬ ሰው ሲያስል ዞር ብዬ ሳልቆጥር አላልፍም ነበር።

አያ ተገኘና ባለቤቱ ይርገዱ የመጡት ክረምቱ ሲጠና ነው። ያኔ ሁለቱንም አንቱ ነበር የምላቸው፤ ዛሬ በዕድሜ ስላለፍኋቸው «እሱ»፣ «እሷ» እያልሁ ባወራቸው አይቀየሙኝም። አያ ተገኘ የጉና ገበሬ ነው፤ ረጅም፣ አጥንተ ሰፊ። ሆዱ ውስጥ የበቀለ እብጠት አክስቶ አጉብጦታል፤ ዓይኑንም ሞራ ጋርዶት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ይርገዱ አጭር፣ ቀልደኛ፣ እግሯ መሬት የማይረግጥ የምትመስል ፈጣን ሴት ናት። ባሏን እየተሳደበችም አንቱ ነበር የምትለው፤ «አንቱ ሰውዬ፣ ይኸን ሾርባ ይጠጣሉ ወይስ ላፍስብዎ?» ስትል ቤቱ ሁሉ ይስቃል። ሥራዋን ስትጨርስ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። እሱ ኮቴዋን ሲሰማ አስቀድሞ ወደ ግድግዳው ጠጋ ይልና ቦታ ይለቅላታል። ሁለት ልጆች በፈንጣጣ እንደቀበሩና ሌላ እንዳልወለዱ ለአክስቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ። እሷን ያየሁ ጊዜ ነው እኔም ባል ማግባት ደግ ነገር ሳይሆን አይቀርም ያልሁት።

ሆድ የሚቀደው ሐኪም ከሌላ ከተማ እየመጣ ጥቂት ቀን ሠርቶ የሚመለስ ነበር። ለአያ ተገኘ የሚቀጥለው መምጫው ላይ ተራ ተሰጠው። ይርገዱም እስከዚያው ከብቶቹን አይታ፣ ስንቅ ይዛ ለመመለስ ተነሣች። ስትሄድ አንዲት ነጭ ነጠላ አጣጥፋ ሰጠችኝ፤ ጥለቷ ሰማያዊ ነው። «ይኸችን አስቀምጭልኝ ልጄ፤ መንገዱ ጭቃ ነው። እሳቸው ሲቀደዱ ይኸችን ለብሼ ነው እጃቸውን ይዤ የማስገባቸው፤ ሐኪሙ ገጠሬ ብሎ እንዳይንቀን» አለችኝ። ባናዋን ደርባ በዝናብ ወጣች። ነጠላዋን አክስቴ ሳጥን ውስጥ ከተትሁ፤ የሳጥኑ ቁልፍ ከአክስቴ አንገት ወርዶ አያውቅም።

ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ወንድሟ አያ ዳምጤ መጣ። በፊት በር አልገባም፤ በጓሮ ዞሮ ማድ ቤት ደጃፍ ቆመ። ይርገዱ ስንቁን ይዛ ስትመለስ ወንዝ ሞልቶ ወስዷት ኖሯል። «ባናው ውሃ ጠጣና ከበዳት። እኔ ከወዲያ ማዶ ቆሜ አያታለሁ» አለ። ካገኟት በኋላ ቀብረዋታል። ከዚያ እንባውን ጠረገና ለአክስቴ የመጣበትን ነገር ነገራት። «ተገኘ እንዳይሰማ። ይኸን ከሰማ ተቀደደም አልተቀደደም አይተርፍም። ተቀዶ ያገግምና እኛው ሽማግሌ ይዘን መጥተን እናረዳዋለን። ከአርባዋ ግን አያልፍም፤ በአርባዋ ቤቱ መገኘት አለበት።» በእኛ አገር መርዶ እንዲያው አይወረወርም፤ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ሰውየው ተቀምጦ ነው የሚነገር። ለታመመ ሰው ደግሞ እስኪጠና ይቆያል። ስለዚህ ማንም አልተገረመም፤ በዚያው ቀን የቤቱ በሽተኛ ሁሉ ሰማ፣ የቤቱ በሽተኛ ሁሉ አፉን ያዘ። ከአንድ ሰው በስተቀር ሁሉም የሚያውቀው ሞት አብሮን ይኖር ጀመር።

ውሸቱ የእኔ ፈንታ ሆነ፤ ምግብ የማቀርብለት እኔ ነኛ። «ይርገዱ ምነው ቆየች?» ሲለኝ አፌ ላይ የመጣልኝ «ወንዙ ሞልቶ ይሆናል፤ ሲጎድል ይመጣሉ» የሚል ነው። ከዓለም ውሸት ሁሉ ያንን መምረጤ ዛሬም ያሳፍረኛል። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ወደ ማታ ራት ሳቀርብለት ፊቱ በርቶ አገኘሁት። «ወንዙ ጎደለ መሰለኝ፤ መጥታ ነበር እኮ» አለኝ። «ማን?» አልሁ። «ይርገዱ ነቻ። ወፍጮው ዝም ሲል ገባች። ብዙ አልተቀመጠችም፤ ደክሟታል።» ወፍጮው ዝም የሚለው አሥር ሰዓት ነው። ሳህኑን አስቀምጬ ሮጥሁና ለአክስቴ ነገርኋት፤ «ትኩሳት ነው፤ እሽ በይው» አለችኝ። እኔም እሽ አልሁት።

በማግሥቱም «መጥታ ነበር» አለ። በሦስተኛውም። ሾርባውን ይጨርስ ጀመር፤ ድምፁ ተመለሰ፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ በጎቹ «ይርገዱ እንዲህ አለችኝ» እያለ ያወራል። «በጉን ቀበሮ በላው ብላኛለች» ሲለው ሊጠይቀው የመጣው አያ ዳምጤ ተነሥቶ ወጣ፤ በኋላ ብጠይቀው እውነት ነው አለኝ፣ ለማንም ግን አልነገረም ኖሯል። አንድ ቀን ሆን ብዬ ወፍጮው ዝም ከማለቱ በፊት መጥረጊያ ይዤ ከጆንያው ወዲህ ቆምሁ። ጉሙ ገብቶ ነበር። ወፍጮው ቆመ። አያ ተገኘ ፍራሹ ላይ እየተንፏቀቀ ወደ ግድግዳው ጠጋ ሲል ሰማሁ። ከዚያ ጭዱ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚያሰማው አድርጎ ተንኮሻኮሸ፤ እርጥብ ባናም ሸተተኝ። የእሱ ባና ማድ ቤት እሳት ዳር ተሰቅሎ ደርቋል፤ እኔው ነኝ የሰቀልሁት። ጆንያውን ገልጬ ለማየት አልደፈርሁም። እሱ ብቻውን ሲያወራ ቆየ፤ እንደማንኛውም ባል ስለ ጨው፣ ስለ ማገዶ ነበር የሚያወራው። ሲጨርስ ገብቼ ፍራሹን በእጄ ዳሰስሁት፤ የአልጋው ጫፍ ርሷል። አክስቴ ጣራው አፍስሶ ነው ብላ እላዩ ላይ ሰው አውጥታ አሳየች፤ ቆርቆሮው ደህና ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር ሁለታችንም አላወራንም።

ሐኪሙ መጣ፤ ተራውም ደረሰ። በማለዳ ከሆስፒታሉ ቁስል የሚያሽገው ድሬሰር ራሱ መጥቶ አሁኑኑ አምጡት አለ። አያ ዳምጤና ሦስት አስታማሚዎች ቃሬዛውን በር ላይ ዘረጉ። አያ ተገኘ ግን «ይርገዱ ትምጣ» ብሎ አልጋውን ያዘ። «ወንዙ...» ስል አቋረጠኝ። «አትዋሽኝ፤ ትናንትም እዚህ ነበረች። እጅዎን ይዤ አስገባዎታለሁ ብላኛለች። ወፍጮው ዝም ሲል ትመጣለች፤ እስከዚያ ብንጠብቅ ምናለበት?» ድሬሰሩ እስከ አሥር ሰዓት የሚጠብቅ ሐኪም የለም፣ እሱ ካልመጣ ሌላ ሰው ይገባል አለ። ሐኪሙ ደግሞ በማግሥቱ ወደ መጣበት ይመለሳል። የሚቀጥለው መምጫው ድረስ አያ ተገኘ እንደማይቆይ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ፣ አውቀው ነበር።

አክስቴ ክንዴን ይዛ ወደ ማድ ቤት አስገባችኝ። ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች፤ ሳጥኑን ከፍታ ነጠላውን ሰጠችኝ። «ልበሽ» አለች። «ኃጢአት አይዶለም ወይ?» አልኋት። «ኃጢአቱ በኔ ይሁን። ቃል እንዳትናገሪ፤ እጁን ብቻ ያዥው።» የሞተች ሴት ነጠላ፣ ባሏ ፊት ልለብስ ነው። ስለብሰው እጄ ስለተንቀጠቀጠ እንዴት አድርጌ እንዳጣፋሁት ልብ አላልሁም፤ ጥለቱ አንገቴን ሲከረክረኝ ብቻ ትዝ ይለኛል። ስገባ አክስቴ «ይኸው መጣች፤ ሮጣ ትንፋሿ ቆርጧል» አለችው። እጁን ዘረጋ። ያዝሁት። በሌላ እጁ ክንዴን እየዳሰሰ ወደ ላይ ወጣ፤ ትከሻዬን አለፈ፤ አንገቴ ጋ ሲደርስ ጣቶቹ ቆሙ። ቆሙና ቆዩ። ልብስ ሰፊው ቴፑን የዘጋ መሰለኝ። ከዚያ እጁን አወረደና «ይሁን፤ እንሂድ» አለ። እስከ ቀዶ ጥገናው በር ድረስ እጄን አልለቀቀም። እዚያ ሲደርስ «በቃ ተመለሽ እንግዲህ፤ ተንቀጠቀጥሽ» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ በሰላም ወጣ ሲሉን ኮርቻለሁ። የሰው ነፍስ ያተረፍሁ መስሎኝ አረንጓዴ ሹራቤን ለብሼ ገበያ ወጣሁ።

እንዳሰብነውም ዳነ። ቁስሉ እስኪጠግግ ተመልሶ እኛው ዘንድ ተኛ። እብጠቱ ወጥቶለት፣ ፊቱ ወዝ ለብሶ፣ ግን ስለ ይርገዱ አንድ ቀን አላነሳም። መጣችም አላለ፤ ምነው ቀረችም አላለ። ወፍጮው ዝም ሲል ፊቱን ወደ በሩ መልሶ ይቆያል እንጂ ወደ ግድግዳው መጠጋቱን ተወ። እኛ ትኩሳቱ ለቀቀው ብለን ተደሰትን። ባለመጠየቁ እፎይ ብዬ እኔም አልጠየቅሁም።

አርባዋ ሲቃረብ አያ ዳምጤ ሁለት ሽማግሌና ቃሬዛ የሚሸከሙ ሰዎች ይዞ መጣ። ጎሕ ሲቀድ አያ ተገኘን አስቀምጠው አረዱት። አክስቴ ውሃ ይዛ ቆማ ነበር፤ ሰው ይወድቃል፣ ራሱን ይስታል። እሱ ግን በጋቢው ፊቱን ሸፍኖ ዝም ብሎ አለቀሰ። ሲጨርስ «አውቄያለሁ። ከተቀደድሁበት ቀን ጀምሮ አውቄያለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ ማን አፉ አመለጠው ብለው ተያዩ። እሱ የኔን ስም ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«የዚያን ዕለት ነጠላዋን ለብሰሽ የመጣሽ አንች ነሽ፤ አይዶለም?»

«እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ጥለቱን ወደ አንገትሽ አዙረሽ ነው የለበስሽው።»

ክው አልሁ። ጥለት ወደ አንገት ተደርጎ የሚለበሰው ለሐዘን ነው፤ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። ስለ ይርገዱ ሞት ስንት ቀን ሳስብ የከረምሁ ሰው፣ ነጠላዋን ስይዝ እጄ ራሱ የሐዘንተኛ አለባበስ አለበሰኝ።

«በጣቴ ስነካው ሰው እንደሞተ ገባኝ» አለ። «ነጠላው የሷ ነው፤ የያዘኝ እጅ ግን የሷ አይዶለም። ማን እንደሞተ ለማወቅ ምን ይቀረኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? ልጅ ነሽ፤ ይንቀጠቀጥ ነበር እጅሽ። አሳዘንሽኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከዚያ በፊትስ? በየቀኑ ትመጭ የነበርሽው አንች ነሽ?»

«እኔ የመጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ነጠላዋም ከሳጥን አልወጣችም ነበር።»

«እኔም እንዲያ ነው የመሰለኝ። እሷ ነጠላ አልለበሰችም። እርጥብ ባና ነበር የደረበችው፤ ከባናው ውስጥ እጇን አውጥታ ትሰጠኛለች። እጇ ይቀዘቅዛል። ዝናብ መትቷት ነው እያልሁ አሞቅላት ነበር። ሞታለች ብዬ አንድ ቀን አላሰብሁም።» ጋቢውን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። «ካወቅሁ ወዲህ ግን መጥታ አታውቅም።»

ቁጣ ቢኖርበት በወደድሁ። አልነበረበትም። ነፍሱን አተረፍሁ እያልሁ ስኮራ የከረምሁት እኔ፣ ሚስቱን ከአጠገቡ ያስነሣሁት እኔው ነኝ። ባላረዳው ኖሮ እስከ አርባዋ ትመጣ ነበር፤ ባይቀደድ ደግሞ እሱም ወደሷ ይሄድ ነበር። የቱ እንደሚሻለው ያን ቀን አላወቅሁም። ይኸው ባል አግብቼ፣ ባሌን ቀብሬ፣ አርጅቼም አላወቅሁም።

ሸካሚዎቹ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሳይመሽ ቢያንስ ግማሹን እንሂድ ብለው ተነሡ። አያ ተገኘ ወፍጮው ዝም እስኪል ከዚህ አልጋ አልነሣም አለ። አያ ዳምጤ ሊከራከር ፈልጎ ፊቱን አየና ተወው። ሁሉም ደጅ ወጥተው ተቀመጡ፤ እኔን ግን ቆዪ አለኝ። ቆየሁ። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰም። ከሰዓት በኋላ ጉሙ መጣና በበሩ ገባ። ወፍጮው ቆመ። አያ ተገኘ ያንን ያልጠና ቁስሉን በእጁ ደግፎ፣ ቀስ እያለ ወደ ግድግዳው ተጠጋና ጫፉን ለቀቀ። ሁለታችንም በሩን እናዳምጥ ነበር። ደጅ ሰው አሳለ፤ ከሸካሚዎቹ አንዱ ነው። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ እጁን ሰደደና የለቀቀውን ቦታ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው።

«ደረቅ ነው» አለ። «በያቸው፣ ያንሡኝ።»